አንድ ሊትር ዘይት ስንት ኪሎ ጤፍ ነው?

ከመካነ ሰላም ነኝ። ዛሬ እንደወትሮው የዋጋ ዝርዝር ለጥፌ አልወጣም፤ ዝርዝሩን ነገ ታገኙታላችሁ። ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከእህል ሚዛን ሥር የተነሳ ቢሆንም ላኪውንም፣ ዩኒየኑንም፣ ነጋዴውንም ይነካል። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ባለፈው የገበያ ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ሲያወርደው ውሎ፣ አንድ አዛውንት መጋዘኑ በር ላይ መጥተው ቆሙ። አያ ብዬ ነው የምጠራቸው፤ የአባቴ እኩያ ናቸው። ጥር ላይ አራት ኩንታል ሰርገኛ ጤፍ በእኔ በኩል ሸጠዋል። አሁን የመጡት ሊገዙ ነው። አንዲት በግ ሸጠው ብሩን በመሐረብ ቋጥረዋል። የፈለጉት ግማሽ ኩንታል ነበር። ዋጋውን ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና ጆንያውን እያዩ፣

«ልጄ፣ ይኸ ጤፍ የኔው አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

የሳቸው ጤፍማ ያኔውኑ በአቀስታ፣ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ ገብቷል፤ ተበልቶም አልቋል። ጥያቄያቸው ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ጥር ላይ «አያ፣ ዋጋው ጥሩ ነው፣ ይሽጡ» ያልኳቸው እኔ ነኛ። አልዋሸሁም። ዋጋው ከዓምናው ጥር የተሻለ ነበር፤ በብር ሲቆጠር።

በዚህ ቻናል ብዙዎቻችን የምንለው አንድ ነገር አለ፦ «እህል ሲወደድ ከተሜው ይጮኻል፣ ገበሬው ይጠቀማል።» እኔም ስለው ኖሬያለሁ። ለአንዳንድ አካባቢ እውነት ነው። ለቦረና፣ ለሳይንት፣ ለለጋምቦ፣ ለከላላና ለወግዲ ገበሬ ግን ግማሹ እንኳ እውነት አይደለም። ለምን እንደሆነ በስሌት ላሳያችሁ።

እዚህ ደጋና ወይና ደጋው ላይ ማሳው ጠባብ ነው። አብዛኛው ቤተሰብ ከአንድ ሄክታር በታች ያርሳል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ይሸጣል፤ የሚሸጠው ተርፎት አይደለም። የማዳበሪያና የብድር ዕዳ አለ፣ የመሬት ግብር አለ፣ ሰርግ ወይ ተዝካር ወይ ሰደቃ አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ጎተራው ይጎድልና ያው ገበሬ ገዢ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ በዓመት አንዴ ሻጭ፣ አንዴ ሸማች ነው። የሚሸጠው ሲረክስ፣ የሚገዛው ሲወደድ።

ለስሌት እንዲመች (የገበያ ዋጋ አይደለም፣ ምሳሌ ነው) ጥር ላይ ኩንታሉን 10 ሺህ ብር፣ ነሐሴ ላይ 13 ሺህ ብር እንበለው። አራት ኩንታል ሸጠ፣ 40 ሺህ አገኘ። ሁለት ኩንታል መልሶ ገዛ፣ 26 ሺህ ከፈለ። እጁ ላይ የሚቀረው 14 ሺህ ነው። በዚህ 14 ሺህ ዘይት፣ ሳሙና፣ ቡና፣ የወፍጮ፣ የደብተር፣ የመድኃኒት፣ የመኪና ይከፍላል፤ በቃ፣ አለቀ።

አሁን እህል በ20 በመቶ ተወደደ እንበል። ሽያጩ 48 ሺህ፣ ግዢው 31,200 ይሆናል። የሚቀረው 16,800 ነው። «ይኸው 2,800 ብር ተጠቀመ» ልትሉኝ ነው። ዘይቱና ሳሙናውም በዚያው በ20 በመቶ ከጨመረ ግን ያ 16,800 የሚገዛው ዓምና 14 ሺህ የገዛውን ያህል ብቻ ነው። ትርፉ ዜሮ። ዘይቱ በ40 ከጨመረስ? ዓምና በ14 ሺህ ያሟላው ወጪ ዘንድሮ 19,600 ይጠይቀዋል። እህል ተወዶለትም 2,800 ብር ጎደለበት ማለት ነው። ያቺ በግ የተሸጠችው ለዚህች ጉድለት ነው።

ስለዚህ «ጤፍ ስንት ገባ» የሚለው ጥያቄ ለኛ ለደላሎቹ ይበቃን ይሆናል። ለቤት ኑሮ የሚበቃው ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ ሊትር ዘይት ስንት ኪሎ ጤፍ ነው? አንድ ኪሎ ቡና ስንት ኪሎ ጤፍ ነው? አንድ ኩንታል ዩሪያስ?

ይህን ጥያቄ ያከበደው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፤ በኋላም 130ን ተሻገረ። ውሳኔው ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን ክርክር አልከፍትም። ለላኪው መንገድ እንደከፈተለት ሁላችንም እናውቃለን። እኔ የምለው፣ ውሳኔው አገሩን ለሁለት ዓይነት ኑሮ ከፍሎታል።

እስቲ እዩት። ዘይት በዶላር ነው የሚመጣው። ማዳበሪያው፣ ናፍጣው፣ መድኃኒቱ፣ የወፍጮው መለዋወጫ፣ የሳሙና ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ፣ ሁሉም የሚመጣው በዶላር ነው። ጤፍስ? ጤፍ በጥሬው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከ1998 ጀምሮ ተከልክሏል። ዋጋው የሚወሰነው በአዲስ አበባ እህል በረንዳና በደሴ ሸማች አቅም ነው። ያ ሸማች ደግሞ ራሱ ኪሱ የሳሳ ነው። ስንዴውም ገብሱም እንደዚሁ ነው።

የቡና አገር ገበሬ፣ የጅማው፣ የሲዳማው፣ የጉጂው፣ የሚሸጠው ዶላርን የሚከተል ሸቀጥ ነው። ዘይት ቢወደድበት ቡናውም ተወዷል። የኛ ምዕራብ ደቡብ ወሎ የሚሸጠው የብር ሸቀጥ፣ የሚገዛው የዶላር ሸቀጥ ነው። ሁለቱ ገበሬዎች «የዋጋ ንረት» የሚለውን ቃል በአንድ ሬዲዮ ይሰማሉ፤ የሚደርስባቸው ነገር ግን ለየቅል ነው።

የስታቲስቲክስ አገልግሎት የሰኔ 2017 የዋጋ ግሽበት 13.9 በመቶ ነው ብሏል። በ2014 ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር ለምናስታውስ ቁጥሩ ወርዷል፤ ቁጥሩ ሐሰት ነው የሚሉትንም አልቀላቀልም። ግን ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ ግሽበት ወረደ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም፣ መኪናው ፍጥነቱን ቀነሰ እንጂ ወደኋላ አልተመለሰም። እስከ ሰኔ 2017 የነበሩትን አራት ዓመታት ጭማሪ አንዱን በሌላው ላይ ብታባዙት አጠቃላይ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ሁለተኛ፣ በኢንዴክሱ ውስጥ ምግብ ከግማሽ በላይ ክብደት አለው። እህል ሲረጋጋ ኢንዴክሱም ይረጋጋል። ለከተማ ሸማች ይህ የምሥራች ነው። እህል ሸጦ ዘይት ለሚገዛ ሰው ግን «እህል ተረጋጋ፣ ሌላው ጨመረ» ማለት ልውውጡ ከፋበት ማለት ነው። የግሽበቱ ቁጥር ሲቀንስ እሱ ሊባስበት ይችላል። ይህን የሚያሳይ ሰሌዳ በሬዲዮም በቴሌቪዥንም አላየሁም።

ነገሩ ለወሎ አዲስ አይደለም። በ1966ቱ ረሃብ ላይ የጻፈው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን (መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1981 ነው የወጣው) ያገኘው ነገር እስካሁን ይገርመኛል። ሰው በረሃብ ሲረግፍ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። እህልም ከወሎ በመኪና እየተጫነ ይወጣ ነበር። ወሎ ውስጥ ምርት ወድሟል፣ እውነት ነው፤ ግን ገበያውን ያላናረው ገበሬው የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ነው። ከብቱ ረክሶበታል፣ ሰብሉ ጠፍቶበታል። ገበያ ደግሞ ጉልበት የሚሰጠው ብር ይዞ ለመጣ እንጂ ለተራበ አይደለም። የዛሬውን ከዚያ ዘመን ጋር ላስተካክል አይደለም፤ ያኔ ክፉኛ የተመታውም ሰሜንና ምሥራቁ ወሎ ነበር። ግን ትምህርቱ ለኛ ሥራ በቀጥታ ይገባል፦ የዋጋ ሰሌዳ ጸጥ ማለቱ ቤት ውስጥ ደህና ነው ማለት አይደለም። ሰሌዳውን የምንጽፈው ደግሞ እኛ ነን።

ወደ ቡና ልምጣ፤ ላኪዎች እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ።

2017 ለቡና የታሪክ ዓመት ነበር። ወደ 469 ሺህ ቶን ተልኮ 2.65 ቢሊዮን ዶላር ገብቷል። በ2016 የተላከው 298 ሺህ ቶን አካባቢ፣ ገቢውም 1.43 ቢሊዮን ነበር። እኔም በደላላነቴ ከዚህ ጭማሪ ፍርፋሪዋን ቀምሻለሁ፤ ልካደው አልችልም።

ግን ሂሳቡን ከጀበናው በኩል እዩት። ምንዛሪው ከመለቀቁ በፊት የኒውዮርክ አረቢካ በፓውንድ 2 ዶላር ከ30 ሳንቲም ገደማ ነበር። በ57 ብር ምንዛሪ ሲመታ ኪሎው ወደ 290 ብር ይመጣል። የካቲት 2017 ላይ በብራዚል ድርቅ ምክንያት ኒውዮርክ 4 ዶላር አለፈ፤ ምንዛሪውም ከ120 በላይ ነበር። ያው ኪሎ በብር ከ1,000 በላይ ሆነ። የኛ ቡና ከኒውዮርክ ዋጋ በላይም በታችም ይሸጣል፣ ደረጃው ይወስነዋል፤ አቅጣጫውን ግን ማንም አይስተውም። በሰባት ወር ውስጥ ከሦስት እጥፍ በላይ። ሐምሌ 2017 ላይ ወረድ ብሎ የነበረውም አሜሪካ በብራዚል ላይ የ50 በመቶ ታሪፍ ስትጥል መልሶ ተነስቶ ነበር።

በዚያ ሰባት ወር ጤፍ ሦስት እጥፍ ሆኗል? አልሆነም። ስለዚህ ወሎ ውስጥ አንድ ኪሎ ቡና ለመግዛት የሚሸጠው ጤፍ በዛ።

«ቡና እኮ ቅንጦት ነው፣ ይተዉት» የሚል ሰው ወሎን አያውቃትም። እዚህ ቡና የጠዋት ሥራ መጀመሪያ ነው፣ የዱዓ ነው፣ የዕርቅ ነው፣ የሐዘን ነው። በቀን ሦስቴ ይፈላል፤ ጎረቤት ተጠርቶ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይጠጣል። አሁን ምን እንዳየሁ ልንገራችሁ። ሦስት ቤት ሆነው ተራ ገብተዋል፤ ዛሬ ካንቺ፣ ነገ ከኔ እየተባባሉ። ቡናው ላይ የተቆላ ገብስ የሚደባልቁ አሉ። በኪሎና በግማሽ ኪሎ ይገዙ የነበሩ እናቶች በስኒ ስፍር እየገዙ ነው። የስኒ ስፍር ደግሞ ወደ ኪሎ ሲመታ ምንጊዜም ከኪሎው ይወደዳል፤ ድሃ ሁልጊዜ ውድ ነው የሚገዛው። አንዲት እትዬ ዘንድ ልጠጣ ገብቼ «በረካውን ተወው፣ ውኃ ነው» አሉኝ። ቶናውም ያው ውኃ ነበር። አላልኳቸውም።

በሕጉ በአዋጅ 1051/2009 መሠረት የኤክስፖርት ደረጃ ያለው ቡና አገር ውስጥ አይሸጥም። እኛ ጋ የሚደርሰው ከደረጃ የወረደው ነው። የሚገርመው፣ ከምንዛሪው ለውጥ በፊት ያ የወረደው ቡና ብዙ ጊዜ ከኤክስፖርቱ ዋጋ በላይ ይሸጥ ነበር። ምክንያቱን ላኪዎች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፦ ቡና ላይ ከስሮ ዶላሩን አግኝቶ በአስመጪነት ማትረፍ ይቻል ነበር። አሁን ያ ጨዋታ ብዙም አያዋጣም፤ ቡና በራሱ ያዋጣል። ጥሩ ነው። ግን ከምናመርተው ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው እኛው ነን። ኤክስፖርቱ በአንድ ዓመት በ170 ሺህ ቶን ሲጨምር ሁሉም አዲስ ምርት አይደለም፤ ከክምችት የወጣ አለ፣ ከኮንትሮባንድ ወደ ሕጋዊው መስመር የተመለሰ አለ፣ ከአገር ውስጥ ጀበና የተቀነሰም አለ ብዬ አምናለሁ። ድርሻው ስንት እንደሆነ ይከራከሩበት። ስኒው መሳሳቱን ግን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ብዙ ሰው የማያነሳው፦ ወፍጮ።

በዚህ አካባቢ መብራት ያልደረሰው ቀበሌ ብዙ ነው፤ ወፍጮው የሚሠራው በናፍጣ ነው። በ2017 የገና ማግሥት ናፍጣ ከ90 ብር ከ28 ሳንቲም ወደ 98 ብር ከ98፣ ቤንዚን ከ91 ብር ከ14 ወደ 101 ብር ከ47 ገባ፤ ከዚያ በኋላም ጨምሯል። ይህ የማደያ ዋጋ ነው፤ ናፍጣው በበርሜል ተጭኖ ዓባይ አፋፍ ላይ ያለ ወፍጮ ቤት ሲደርስ ሌላ ዋጋ ነው። የራሷን እህል ይዛ የመጣች ሴት፣ ምንም ሳትገዛ፣ ግሽበቱን እዚያ ትከፍላለች። አንዳንዷ በእህል ነው የምትከፍለው። ባለወፍጮው ስፍሩን በትንሽ ከፍ ሲያደርገው ጭማሪው በብር ስላልተከፈለ የትም አይመዘገብም።

መኪናውም እንደዚሁ ነው። እህል ጭኖ ወደ ደሴ የሚወርድ አይሱዙ ሲመለስ ዘይት፣ ስኳር፣ ቆርቆሮ ይጭናል። ደርሶ መልሱ ከሞላ ጭነቱ ርካሽ ነው። መንገድ ሲዘጋ፣ ኬላ ሲበዛ፣ ወይ ሹፌሩ ፈርቶ ሳይመጣ ሲቀር፣ እህል እዚህ ይረክሳል፣ ዘይት እዚሁ ይወደዳል፤ ሁለቱም በአንድ ቀን። መጋቢት 2015 ላይ አዲስ አበባ ጤፍ በድንገት ሲሰቀል ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ ከተማው «ጤፍ ጠፋ» ሲል እህሉ ከኬላ ወዲህ ማዶ ቁጭ ብሎ ነበር። ያን ጊዜ በሁለቱም በኩል ያለው ቤተሰብ ነው የተጎዳው። ማን እንደተጠቀመ አልናገርም፤ ታውቁታላችሁ።

ደመወዝ ጨመረ የሚለውን ዜናም ሰምታችኋል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ገባ፤ ዲግሪ ይዞ አዲስ የሚቀጠረው መነሻም 11,500 ሆነ። ለመምህሩና ለጤና ባለሙያው ይገባዋል፣ እንዲያውም ዘግይቷል። ግን ብሩ ገና ሳይገባ የቤት ኪራይ ሲነሳ አየሁ። ገበሬው ደግሞ የደመወዝ እርከን የለውም፤ ቀን ሠራተኛውም እንዲሁ።

እሺ፣ ምን ይደረግ? እንደ ፖለቲከኛ ምክር አልሰጥም። በሚዛን አጠገብ ሆኜ የሚታየኝን ልበል።

መጀመሪያ ስለራሳችን። «ዋጋ የሚያንረው ደላላው ነው» ይባላል። የደላላ ኮሚሽን በኩንታል ነው፤ ጤፍ ቢወደድም ቢረክስም እኔ የምበላው ከተንቀሳቀሰው ኩንታል ነው። ስለዚህ በደላላነቴ ዋጋ መናሩ አይጠቅመኝም። በአከማቺነቴ ግን ይጠቅመኛል። ጥር ላይ ጥቂት ጆንያ ለራሴ አስቀምጬ ነበር፤ አያ የገዙት ከሱ ነው። የጥርና የነሐሴው ልዩነት ከእሳቸው ኪስ ወጥቶ እኔ ኪስ ገባ። ሕገወጥ ነገር አልሠራሁም፤ ግን «ለገበሬው መረጃ እየሰጠሁ ነው» እያልኩ ቻናል ላይ ስጽፍ እሱን ጎን ሳልጠቅስ ቀርቻለሁ።

ያቺን ልዩነት ለገበሬው ማስቀረት ይቻላል ወይ? ይቻላል። ጤፍን እኮ ነቀዝ አይደፍራትም። እንደ በቆሎና ማሽላ መድኃኒት፣ ልዩ ጆንያ አትፈልግም፤ ደረቅ ቦታ ካገኘች ዓመታት ትቀመጣለች። እንዲህ ያለ እህል ያለው ገበሬ ጥር ላይ የሚሸጠው ማስቀመጫ አጥቶ ሳይሆን ብር አጥቶ ነው። የሚያስፈልገው ጥር ላይ የሚደርስለት ብድር ነው፤ ጤፉን አስይዞ።

ለዚህ የሚሆን ሕግ ካወጣን 20 ዓመት አልፎናል፤ የመጋዘን ደረሰኝ አዋጅ ቁጥር 372/1996። እህሉን እውቅና ባለው መጋዘን ታስገባለህ፣ ደረሰኝ ትቀበላለህ፣ በደረሰኙ ባንክ ያበድርሃል፣ ዋጋው ሲነሳ ሸጠህ ትከፍላለህ፣ ወይ ራስህ ትበላዋለህ። በወረቀት ላይ ያምራል። መካነ ሰላም ላይ ግን በሁለት ኩንታል ደረሰኝ የተበደረ ገበሬ እኔ አላጋጠመኝም። ባንኮቹ ደግሞ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የብድር ዕድገት ጣሪያ ተጥሎባቸው ነበር፤ መጀመሪያ 14 በመቶ፣ ታኅሣሥ 2017 ላይ 18። ጣሪያው ግሽበቱን ለመቀነስ የመጣ ነው፤ ሠርቷልም ይባላል። ጣሪያ ያለበት ባንክ ግን ያለችውን ብድር ለማን ይሰጣል? ለትልቁ ነጋዴ ነው። ያ ነጋዴ በብድሩ ጥር ላይ የአያን ጤፍ ይገዛል። ስለዚህ ግሽበቱን ለመያዝ የተወሰደው እርምጃ እዚህ ሲደርስ ገበሬውን በርካሽ እንዲሸጥ ያደርገዋል።

ስለዚህ ዩኒየኖች፣ ቀሪው እናንተ ጋ ነው። ጥር ላይ የምትገዙትን ሁሉ ወደ ከተማ አትጫኑት። አንድ አምስተኛውን እዚሁ ወረዳው ላይ አስቀሩና ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለራሱ ለአባሉ በገዛችሁበት ዋጋ ላይ የመጋዘን ወጪ ብቻ ጨምራችሁ መልሱለት። ወይም ለገበሬው ግማሹን ጥር ላይ ክፈሉት፣ ግማሹን በነሐሴ ዋጋ አስቡለት። የሥራ ማስኬጃ ብድራችሁ ወለድ እንዳለው አውቃለሁ። ያን ወለድ ግን ዛሬም ገበሬው እየከፈለው ነው፤ ለእኔና ለመሰሎቼ፣ ከባንክ ወለድ በላይ።

ሌላው ሐሳብ የኔን ኮሚሽን የሚቆርጥ ነው፤ ቢሆንም ልበለው። ከጅማ ወይ ከከፋ የሚመጣ የአገር ውስጥ ደረጃ ቡና መካነ ሰላም እስኪደርስ ስንት እጅ ይነካዋል? ከኛ ወደዚያ የሚሄደው ጤፍና ባቄላስ? የደቡብና የምዕራብ የቡና ዩኒየኖች የወሎን እህል ይፈልጋሉ፤ የወሎ እህል ዩኒየኖች ቡና ይፈልጋሉ። ሁለቱ ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ በቀጥታ ቢገበያዩ፣ ያው መኪና ጤፍ ወስዶ ቡና ይዞ ቢመለስ፣ መሐል ላይ የምንቆመው ሦስትና አራት ሰዎች እንቀራለን። ደስ ይለኛል ብዬ አልዋሽም። ከቡና ውጭ ሌላ ሥራ ግን አላጣም።

ላኪዎች፣ ከእናንተ ዋጋ ቀንሱ አልልም፤ ኒውዮርክ እያለ የሚሆን ነገር አይደለም። የምጠይቀው ትንሽ ነው። ተረፈ ምርቱን ስትሸጡ አዲስ አበባ ላይ ለአንድ ሁለት ጅምላ ገዢ ከምትጥሉት ለደሴና ለኮምቦልቻ አከፋፋዮችም በቀጥታ በር ክፈቱ። መጠኑ ለእናንተ ጥቂት ነው። እዚህ ግን በረካው ይመለሳል።

እኔ በበኩሌ ከሚቀጥለው የገበያ ቀን ጀምሮ ከመካነ ሰላም የምልከው ዝርዝር ይቀየራል። የጤፍ፣ የስንዴ፣ የባቄላ ዋጋ በብር እንደበፊቱ ይኖራል። ከጎኑ ሦስት መስመር እጨምራለሁ፦ አንድ ሊትር ዘይት በኪሎ ጤፍ፣ አንድ ኪሎ ቡና በኪሎ ጤፍ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ በኪሎ ጤፍ። የወፍጮውንም ሳገኝ እለጥፋለሁ። ከጃማ፣ ከወረኢሉ፣ ከአቀስታ፣ ከአጅባር ያላችሁ ተከታታዮች የየገበያችሁን ብትልኩልኝ አብረን እናወዳድራለን። ከጎጃም ማዶ ያላችሁም፣ ከጅማም ብትጨምሩ አልጠላም፤ የቡና አገር ሰው ስንት ኪሎ ቡና ሸጦ አንድ ኩንታል ጤፍ እንደሚገዛ ማወቅ እፈልጋለሁ።

አያ ያን ቀን ግማሽ ኩንታሉን አልገዙም፤ ሩብ ነው የወሰዱት። በቀረው ብር ለልጅ ልጃቸው ደብተር ገዙ፣ ትንሽ ቡናም። ኮሚሽኔን አልወሰድኩም፤ ይህን የምለው ለምስጋና አይደለም፣ ኮሚሽኑ ከጭማሪው አንጻር ምንም እንዳልነበር ለማሳየት ነው። ታኅሣሥ ላይ እህላቸውን ወቅተው ሲመጡ «ሁለቱን ሽጡ፣ ሁለቱን አስቀምጡ» ልላቸው አስቤያለሁ። እሳቸውም «ያስቀመጥኩትን ዕዳ ጠያቂው መጥቶ ሲጠይቀኝ ምን ልስጠው?» እንደሚሉኝ ከወዲሁ አውቃለሁ። የዩኒየን ሰዎች፣ እስከዚያ ሦስት ወር ከምናምን አለን። መልሳችሁን እዚሁ ጻፉልኝ፤ እኔ ወስጄ አነብላቸዋለሁ።